ዚፑ የሚታየው ጭራቅ

ጭራቁ ከረግረጉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው እጁ ነው። አረንጓዴ ጎማ ነው፣ በጣቶቹ መካከል እንደ ዳክዬ እግር ቆዳ ተዘርግቷል፤ ጓንቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ የእጅ ሰዓት አለ። ልብ በሉ፣ ሺህ ዓመት ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የነቃ አውሬ ነው ተብሎ ሰዓት አስሯል። ከዚያ ዞር ሲል ከማጅራቱ እስከ ወገቡ የሚወርድ ዚፕ ይታያል፣ የጃኬት ዚፕ፣ ያውም ደህና ዚፕ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚሉት ሰፈር ውስጥ፣ ከከይረዲን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን አርብ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡት ሴቶች ይቺን ቅጽበት ነው የሚጠብቁት። ጭራቁ ጀርባውን ሲሰጣቸው ሁሉም ባንድ አፍ "ዚፕ" ይላሉ። ጮኸው አይደለም፣ ተረጋግተው ነው፣ አሜን እንደሚባለው። ስሙንም ከዚሁ አውጥተውለታል፤ ጋሽ ዚፕ ነው የሚባለው።

ጋሽ ዚፕን በአማርኛ የምታናግረው ጥበብ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ የከዚራ ሰፈር፤ አባቷ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ሃምሳን ካለፈች ሰንብታለች፣ ግን "እሳቸው" ብትሏት "ሞትኩ እንዴ?" ብላ ትቆጣለች። እሷም ብትሆን ለማንም አንቱ ብላ አታውቅም። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሹሙም አንተ ነው፤ ያንን ይዛ ጅቡቲ መጣች፣ እስካሁንም አለቀቀችውም። ልጅ ሆና ከሲኒማ ቤቱ ጓሮ ግንብ ላይ ተንጠልጥላ በነጻ ፊልም ታይ ነበር። አባቷ "እነዚህን ጭራቆች እያየሽ ራስሽ ጭራቅ ልትሆኚ ነው" እያለ በቀበቶ ይላት ነበር፤ በማግስቱ ግንቡ ላይ ናት። በወጣትነቷ በባቡር ጅቡቲ ገባች። የፈረንጁንም የአገሬውንም ማድ ቤት አዳርሳ፣ አሁን ባሕሩ ዳር ካለ ትልቅ ግቢ እዚያው እያደረች ለአንድ ቤተሰብ ታበስላለች። አንዴ አግብታ ፈትታለች፣ ስለሱ ከጠየቋት ወሬ ታስቀይራለች።

ቪዲዮ ቤቱ የተጀመረው በስህተት ነው። ከይረዲን አያቱ ሐረር፣ አባቱ ድሬ፣ እሱ ጅቡቲ የነገዱ ሰው ነው፤ አቡጀዲ፣ መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ ይሸጣል። አንድ ፈረንጅ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ከይረዲን ቴሌቪዥኑንም ዴኩንም ካንድ ካርቶን ካሴት ጋር ገዛው። ካሴቶቹ የህንድ ፊልም መስለውት ነበር። አንዱ ሽፋን ላይ ፀጉሯ የተበተነ ቆንጆ ሴት አፏን ከፍታ ስላየ፣ እየዘፈነች ነው ብሎ አሰበ። መጋዘኑን አስጠርጎ፣ ወንበር ደርድሮ የሰፈሩን ሰው ጠራ። ሴትየዋ አፏን የከፈተችው ግን አንድ አረንጓዴ ነገር እግሯን ይዞ ወደ ውሃ ስለሚጎትታት ነበር። ሰው እየሳቀበት ወጣ። ካርቶኑን ሊጥለው ሲል ነው ጥበብ ለማዳሟ መጋረጃ ልትገዛ የገባችው። ጨርቁን እንደታቀፈች ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ቀረች፤ ትንሽ ቆይታ፣ ሳታስበው፣ ስለ ጭራቁ ሆና መናገር ጀመረች። ከይረዲን ወንበር ሰጣት፣ ሻይ አዘዘላት፣ ከዚያ በሳቅ እንባው ወረደ። ማዳሟ መጋረጃውን ያገኘችው በማግስቱ ነው።

ፊልሞቹ በምን ቋንቋ እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጥበብ ጣልያንኛ ነው አለች፣ ጣልያኖች ቤት ስለሠራሁ አውቀዋለሁ አለች፣ አለቀ። በኋላ ባልንጀራዋ ኤሌኒ መጣች። ኤሌኒ ጣልያኖች ቤት ልጅ የምትጠብቅ፣ ቋንቋውን እንደ ውሃ የምትጠጣው ናት። ጆሮዋን ቀስራ ስታዳምጥ ቆየችና "ጥቤ፣ ይሄ እኮ ጣልያንኛ አይደለም" አለቻት። ጥበብ ዓይኗን በጨው አጥባ "የገጠር ጣልያንኛ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። ለምንስ ይጠየቃል? ያ ጎማ ለብሶ ላቡ የሚንጠፈጠፍ ሰውዬ ጥበብ ከምታስብለው የተሻለ ነገር ሊናገር ነው?

ካርቶኑ ውስጥ ሌሎችም አሉ። ቤት የሚያክል ሸርጣን አለ፤ እግሩን የሚያንቀሳቅሱት ገመዶች መብራት ሲያርፍባቸው ያብለጨልጫሉ። ከሰማይ የምትወርድ የጠላት መንኮራኩር አለች፤ ጥበብ ገና እንዳየቻት "የድስት ክዳን ናት፣ እጀታዋን እንኳ አልነቀሉም" ብላ ፈረደችባት፣ እውነትም ክዳን ናት። የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ አፍንጫውን ይነፋል። ይንፋ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ "እሺ ማዳም" ስትል የከረመች ሴት፣ አርብ ከሰዓት ላይ ሊያስፈራራት የመጣውን ጠጋ ብላ አይታ፣ ጎማ የለበሰ ምስኪን ደሞዝተኛ ሆኖ ስታገኘው አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ይሄ ለገባው ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ላልገባው ደግሞ ቢነግሩትም አይገባው።

ከሁሉ የሚወዱት ስህተት ግን ሌላ ነው። ጋሽ ዚፕ ፊልሙ ሲጀምር ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ይወስዳል። ከዋናዋ ልጅ ጋር ጀልባ ላይ ሳሉ እጁ ከውሃ ይወጣል፣ ትጮኻለች፣ ሻሿ ይወልቃል፣ ውሃው ይዘጋባታል። ዋናዋ ልጅ አልቅሳ አልቅሳ ለበቀል ትነሳለች። መጨረሻ ላይ፣ ጭራቁ ሞቶ መንደርተኛው ሐይቁ ዳር ሲጨፍር፣ ያቺው የሞተችው ልጅ ቢጫ ሻሿን አስራ፣ ቅርጫት ይዛ፣ በሰው መሃል ታልፋለች። መግደላቸውን ረስተውት ነው። ወይ ደግሞ ለጭፈራው ሰው አጥሯቸው "ነይ አንቺም ግቢ" ብለዋት ይሆናል። ሴቶቹ እሷን ባዩ ቁጥር "የሞተችው መጣች" ብለው ይንከተከታሉ። ጥበብም በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት ትፈጥርላታለች። አንዴ "ገበያ ሄጄ ነው"፣ አንዴ "ጋሽ ዚፕ በዓል የለም ቢለኝ ሥራውን ጥዬለት መጣሁ" አስብላታለች።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ካሴቱ ከመግባቱ በፊት ጥበብ በወንበሮቹ መሃል ትዞራለች። የፈለገች ሴት በጆሮዋ አንድ ቃል ትነግራታለች፤ በሳምንቱ ውስጥ የተባለችውን፣ መልስ ሳትሰጥ አንገቷን ደፍታ ያሳለፈችውን። "ማን ተቀመጪ አለሽ?" ሊሆን ይችላል። "በኛ ብርጭቆ አትጠጪ" ሊሆን ይችላል። ጥበብ "መልሱስ?" ትላለች፤ ሴትየዋ በሆዷ ይዛው የከረመችውን መልስ ትነግራታለች። ከዚያ ጋሽ ዚፕ ከረግረጉ ወጥቶ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ "ማን ተቀመጪ አለሽ?" ብሎ ያጓራል፣ ዋናዋ ልጅ መቅዘፊያዋን ታነሳና "ወገቤ ነዋ" ብላ ታላጋዋለች። የማን ቃል እንደሆነ አይነገርም። ግን ሁልጊዜ አንዷ ከሌሎቹ ይበልጥ ስትስቅ ትታያለች። ወደብ ያለበት ከተማ ነውና ይሄን ነገር ማራገፍ ይሉታል።

ራህመት የምትባለውን ልጅ ያመጣቻት ኤሌኒ ናት። የወሎ ልጅ ናት፣ በረሃውን በእግሯ ነው ያቋረጠችው፤ ከእህቷ ጋር ተነስታ ብቻዋን ገባች። ይሄንንም የነገረቻቸው ኤሌኒ እንጂ ራህመት አልተናገረችም። ኤሌኒ ጎረቤቶቿ ዘንድ ሥራ አስገብታታለች። ልጅቱ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፣ አሠሪዎቿ ቶሎ እንድትመለስ ስለሚፈልጉ ፊልሙ ሳያልቅ ተነስታ ትሄዳለች። አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። ጥበብ እየዞረች እሷ ጋ ስትደርስ "ምንም የተባልኩት የለም፣ እትዬ" ትላለች። ጥበብ አታስጨንቃትም። ግን በየአርቡ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ትሰጣታለች፣ ትንሽ ጠብቃ ታልፋለች።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በሰላም እየሄደ ሳለ አቶ ተክለወልድ መጣ። ወደብ አካባቢ ባለ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ፣ የአንድ መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ የሆነ፣ ሸሚዙ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ እንኳ የማይጨማደድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ደግ ነው፣ ይሄን የሚክድ የለም። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ያመላልሳል፣ ሰው ሲሞት አስከሬን ያሸኛል። አንድ አርብ ለማኅበሩ ጨርቅ ሊጠይቅ ከይረዲን ሱቅ ገብቶ ሳቁን ሰማ። የመጋዘኑን በር ገፋ አድርጎ ሲያይ፣ የድስት ክዳን በሰማይ ላይ እየበረረ፣ ጥበብ ደግሞ ለክዳኑ "ሩዙ ለምን ጨው በዛበት?" እያለችለት ነበር።

ፊቱ ወጥ እንዳረረበት ሰው ሆነ። "ወይዘሮ ጥበብ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት" አለ። "እነዚህ እህቶቻችን ያቺ አንድ ከሰዓት ብቻ ናት ያለቻቸው። በዚህ ቆሻሻ ታሳልፉባቸዋላችሁ? እኛ እኮ ታሪክ ያለን ሕዝብ ነን።"

"አንተ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፣ ሰው ከለልክ" አለችው ጥበብ።

ወጣ፤ ግን የሄደው ወደ ከይረዲን ነው። ስለ እህቶቻችን የተሠራ፣ አውሮፓ ላይ ተሸልሞ የመጣ ፊልም አለኝ፣ ቁም ነገር ነው፣ ከዚያ በኋላ በየአርቡ ማኅበሩ ትምህርት ይሰጣል፣ መጋዘኑን ልቀቅልን አለው። ከይረዲን ምን ይበል? ሚስቱ የታመመች ጊዜ ተክለወልድ እንደ ወንድም ቆሞለታል። ደግሞ ጥበብን ይፈራታል። ሁለቱንም አስቀምጦ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ አንድ ነገር ፈጠረ። በመጪው አርብ የተክለወልድ ፊልም ይታይ፤ ጥበብ እስኪያልቅ ድረስ ትንፍሽ አትበል፤ ከዚያ ሴቶቹ ራሳቸው ይምረጡ። ያንን ከመረጡ አርቡ የማኅበሩ ነው፣ ካርቶኑም ይወጣል።

"ቃልዎን ይሰጡኛል?" አላት ተክለወልድ።

"ሰጥቼሃለሁ" አለችው፣ ደሟ እየፈላ።

ያን ሳምንት ጥበብ ወጥ አሳረረች፣ ይሄ ሆኖባት አያውቅም። ብትደብቀውም ፈርታለች። ሴቶቹ ጨዋ ናቸው፣ የተከበረ ሰው ፊት "ያንተን አንፈልግም" ይላሉ ብላ አላመነችም። ያቺ መጋዘን ከቀረች ደግሞ እሷ ምን ይቀራታል? ስድስቱን ቀን አብሳይዋ ናት፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማይጠሩላት። አርብ ከሰዓት ግን ጭራቅ ናት፣ ልጅቷም ናት፣ መንደሩም ናት፤ ሰላሳ ሴት አፍ አፏን ያያታል። እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሳ ያንን ልትነጠቅ ነው። አልነጠቅም፣ እያለች ሽንኩርቱን ከተፈችው፤ ግን እንዴት እንደማትነጠቅ አላወቀችም።

አርቡ ደረሰ። ከበረሃ የሚመጣው፣ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ያስነሳል፣ ቆርቆሮው ይግላል፣ ቬንቲላተሩ የሚያመጣው ሙቅ አየር ነው። ተክለወልድ ለሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶ መጣ። በቴሌቪዥኑ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ የከይረዲንን አቡጀዲ ሰቀለ፣ ፕሮጀክተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ፣ ወንበሮቹን በእጁ ወደ አቡጀዲው አዞራቸው። አጭር ንግግርም አደረገ፣ ልብ የሚነካ ንግግር ነበር። ጥበብ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ አፏን በእጇ ይዛ።

ጎማ የለም። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ጨው፣ መጨረሻ የሌለው መንገድ ነው። ወጣቶች በአንድ መስመር ይሄዳሉ፣ ትከሻቸው ላይ ጀሪካን አለ። ካሜራው ቆንጆ አድርጎ ይዟቸዋል፣ ፀሐይዋ ስትወጣ እንደ ሥዕል ነው፣ ከኋላ ቫዮሊን ያለቅሳል። አሸዋው ላይ የቀረ አንድ ነጠላ ጫማ ለረጅም ጊዜ ታየ። አንድ ድምፅ በፈረንሳይኛ ያወራል፣ ተክለወልድም ረጋ ብሎ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ያውም ትክክለኛውን። ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ሌላዋ። ኤሌኒ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ተክለወልድ ልቅሶውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እውነትም ፊልሙ ጥሩ ነበር።

ጥበብ ግን በሩን ነበር የምታየው። ራህመት ወንበሯ ላይ የለችም። ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዙራ፣ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። አቡጀዲው ላይ አንዲት ልጅ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ ጥላ ስር ተኝታለች፣ ሰዎቹም ትተዋት እየሄዱ ነው።

ጥበብ ከግድግዳው ተነሳች። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፤ ጨው በረሃው ቀሚሷ ላይ አረፈ።

"ወይዘሮ ጥበብ፣ ቃል ሰጥተውኛል" አለ ተክለወልድ።

"ሰጥቼህ ነበር። በላሁት። አጥፋው።"

"ይሄ እኮ እውነት ነው! የራሳቸው ታሪክ ነው። ዓለም አይቶት ያለቀሰበት ነው።"

"ዓለም ያልቅስ። ዓለም እዚያ አልነበረም፣ ይየው፣ ደግ ነው። እነዚህ ግን ነበሩ። ስንት ጊዜ ነው የምታሻግራቸው? ስድስት ቀን ሲያጥቡ ከርመው፣ በአርባቸው መልሰህ በረሃ ታስገባቸዋለህ?"

"እንዲረሱት ነው የምትፈልጊው?" ተናዶ አንቱታው ጠፋበት።

"ማን ይረሳል?" አለች ጥበብ። "እኔ ቆሻሻ አሳያለሁ፣ እሺ። ድስት ክዳን አሳያለሁ። ግን የኔ ጭራቅ ሲዞር ዚፕ አለው። ይሄኛው ቢዞር ዚፕ የለውም፣ ተክለወልድ። ምኑን ይዘው ይሳቁበት?"

እሱ አልገባውም፣ ሴቶቹ ግን ገባቸው። መጀመሪያ የተነሳችው ኤሌኒ ናት። ወንበሯን አንስታ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ ተቀመጠች። ከዚያ ቀጥላ ያለችው አዞረች። የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያሰማውን ታውቁታላችሁ፤ መጋዘኑ በዚያ ድምፅ ተሞላ፣ ካለቀ በኋላ አቡጀዲውን የምታይ ሴት አልቀረችም። ምርጫው ይሄው ሆነ። ከይረዲን ተክለወልድን አላየውም። ከካርቶኑ ውስጥ ካሴቱን አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ዴኩ ውስጥ ከተተው። ተክለወልድ ፕሮጀክተሩን አጠፋና እዚያው አጠገቡ ቆሞ ቀረ።

ጥበብ ልማዷን አልተወችም፣ ዞረች። ብዙዎቹ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዛሬ የሚራገፍ ቃል አልነበራቸውም። በሩ ጋ ስትደርስ ራህመት ተቀምጣ አገኘቻት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት፣ ልታልፍም ቀና አለች።

"እዚያ በረሃው ላይ የተባልኩት ይሆናል?" አለች ራህመት።

ጥበብ ተመልሳ ጎንበስ አለች። "ይሆናል።"

"'የደከመ ይቅር፣ የምትሄዱ ተነሱ' አለን አሻጋሪው።"

"መልሱስ?"

"መልስ አልነበረኝም" አለች ልጅቱ። "ተነሳሁ።"

ጥበብ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ጀልባው መጣ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረችውን ልጅ ውሃው ወሰዳት፣ ዋናዋ ልጅ አለቀሰች፣ ጋሽ ዚፕ ሰዓቱን አስሮ ከረግረጉ ወጣ። ሲዞር "ዚፕ" አሉ፣ ዛሬ ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ክንዱን ዘረጋ፣ ጥበብም በዚያ ጎርናና ድምጿ አስባለችው፦ "የደከመ ይቅር፣ የምትሄዱ ተነሱ።"

ያ ቃል የራህመት ብቻ አልነበረም። ዋናዋ ልጅ መቅዘፊያዋን አነሳች። ጥበብ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ስንት ዓመት ስትተረጉም መልስ አጥታ አታውቅም፣ ያን ቀን አጣች። እሷ ተነስታ በማታውቅበት ቦታ እሷ ልትመልስ አልቻለችም። መቅዘፊያው አየር ላይ ነው።

"አልነሳም" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። "እህቴን ሳልይዝ አልነሳም።"

"አልነሳም" አለች ከመሃል አንዷ። ሌላዋም አለች። መቅዘፊያው ወረደ። ፊልም ሠሪዎቹ አንድ ምት ብቻ ነው የቀረጹት፣ ስለዚህ ያንኑ እየመለሱ ያሳዩታል፤ በወረደ ቁጥር ሴቶቹ "አልነሳም" አሉ፣ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮው ነጎደ። ጋሽ ዚፕ ወደቀ። ራህመት ፊቷ ረጥቧል፣ ቆማለች፣ የመሄጃዋ ሰዓት አልፏል።

መንደሩ ሐይቁ ዳር መጨፈር ጀመረ። ቢጫዋ ሻሽ በሰው መሃል ብቅ ስትል፣ ያን አርብ "የሞተችው መጣች" ያለ የለም። ሁሉም ራህመትን ነበር የሚያዩት። እሷ እስከዚህ ድረስ አይታው አታውቅም።

"ያቺ ውሃ የወሰዳት አይደለችም?" አለች።

"ናት" አለች ኤሌኒ።

"እና እንዴት መጣች?"

ጥበብ ከቴሌቪዥኑ ዞራ አየቻት። "ስሟን ንገሪኝ" አለቻት።

ራህመት የእህቷን ስም እንደተጠየቀች አልጠፋትም። "ሁዳ" አለች።

ጥበብ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ልጅቱ ቅርጫቷን ይዛ እየቀረበች ነው፣ ፊቷ በደንብ ይታያል፣ ጤነኛ ነች፣ አፏ እንኳ ይንቀሳቀሳል። "'ትንሽ ደክሞኝ ነው የቀረሁት'" አለች ጥበብ፣ በራሷ ድምፅ፣ ሳታጎረንን። "'ይኸው ደረስኩ' አለች ሁዳ። 'ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ? ቅርጫቱን ያዢልኝ።'"

ራህመት ሳቀች። ልቅሶም ነበረበት፣ ግን ሳቅ ነው፣ ሁሉም ሰምተውታል። ኤሌኒ ሄዳ አቀፈቻት።

ተክለወልድ የፕሮጀክተሩን ገመድ እጁ ላይ እየጠቀለለ ስክሪኑን ያይ ነበር። "ረስተውት ነው?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "መሞቷን?"

"ረስተውት ነው" አለችው ጥበብ። "ያንተዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ምንም አይረሱም። እኛ የሚረሱትን ነው የምንፈልጋቸው።"

ተክለወልድ ገመዱን ጠቅልሎ ሲጨርስ አልወጣም፤ ወንበር ስቦ ከኋላ ተቀመጠ፣ ስለ አርብም አላነሳም። ያኔ ራህመት እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ከይረዲንን "ካሴቱን ወደ ኋላ መልሰው" አለችው። ከይረዲን መለሰው። ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ልጅ ቅርጫቷን ይዛ በጀርባዋ እየሄደች ከሰው መሃል ጠፋች፣ ከዚያ እንደገና መጣች።